የወንድሜ ናሙና የት ሄደ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ጥርስ ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ አቦራረሽ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ድድ መድማት ጥሩ ጥሩ ምክር አለው። ስለ መንጋጭላ እጢ ግን አንድም ቃል የለውም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩን መጀመሪያ ያወቅኩት ግን በመጽሐፍ ሳይሆን በታናሽ ወንድሜ ፊት ላይ ነው።

ወንድሜ ጀልባ ነጂ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ወደ ደሴቶቹ ሰው ያመላልሳል። በ2007 ዓ.ም. 22 ዓመቱ ነበር። የቀኝ ጉንጩ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ቀስ እያለ ማበጥ ጀመረ። አያመውም፣ አያተኩሰውም፣ እንቅልፍ አይነሳውም። ጓደኞቹ «ጫቱን ከጉንጭህ ሳታወጣ መጣህ?» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱ ደግሞ ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። እናታችን «ዓይን ነው» አለችና ጠበል ወሰደችው። በጠበሉ ቅር አላለኝም፣ ዛሬም አይለኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እኔ፣ የተማርኩት፣ የቤቱ ታላቅ፣ «ካላመመህ ምንም አይደለም» ማለቴ ነው።

ዓመት ሳይሞላ መጨረሻ ያለው መንጋጋ ጥርሱ መነቃነቅ ጀመረ። አንድ ክሊኒክ ሄደና ተነቀለለት። ጥርሱን አሳየኝ። ቀዳዳ የለው፣ መበስበስ የለው፣ ነጭ ጤነኛ ጥርስ። ጤነኛ ጥርስ ምን ያነቃንቀዋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። እብጠቱም አልጎደለም። በ2008 ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ራጅ ተነሣ። «ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ከፍተን እንጠርገዋለን» አሉን። ከፈቱት፣ ጠረጉት፣ ሰፉት። የወጣውን ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ብረት ሳህን ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ግራጫና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ቁራጭ። ከጥጥና ከጓንት ጋር አብሮ ተጣለ። እኛም አመስግነን፣ ከፍለን፣ ቤታችን ገባን። የቦታውን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚደረግ አይመስለኝም፣ አንድን ሰው መክሰስም አልፈልግም።

በ2012 ተመለሰ። የአሁኑ ይለያል። በጣት ሲጫኑት አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ብሎ ይሰማል። የመንጋጭላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረብን። ዶክተሯ አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ ይዘው ሲያሳዩን መንጋጭላው የማር ሰፈፍ መስሏል፣ ክፍል ክፍል፣ በመሃሉ ስስ ግድግዳ። ገና ከወንበሬ ሳልደላደል የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «ያን ጊዜ የወጣው ናሙና ውጤቱ የታለ?»

እኔና ወንድሜ ተያየን።

«ተጥሏል» አልኳቸው። ዝም አሉ። አልተቆጡም። ቀጥለው ትንሽ ቁራጭ ወሰዱ፣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት፣ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት። ከሳምንታት በኋላ የፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናው በማይክሮስኮፕ የታየበት የምርመራ ወረቀት መጣ። አሜሎብላስቶማ ይላል።

ቃሉን ሳነብ ግማሹን አውቀዋለሁ። አሜሎብላስት የሚባለውን ሴል ለተማሪዎቼ አስተምራለሁና። ያ ሴል በእጢ ስም ውስጥ ገብቶ፣ ከወንድሜ ስም ሥር ተጽፎ ሳየው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ የገባኝን ያህል ለአንባቢዎቻችሁ ልንገራቸው።

ጽንስ ገና 6 ሳምንት ሲሆነው፣ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታረጋግጥ፣ ወደፊት ድድ በሚሆነው ቦታ ያለው ስስ ሽፋን ወደ ውስጥ መስረግ ይጀምራል። መጀመሪያ እምቡጥ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቆብ፣ ቀጥሎ ደወል። ምሳሌውን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በሙያውም የእምቡጥ፣ የቆብ፣ የደወል ደረጃ እየተባለ ነው የሚጠራው። በየደረጃው የላይኛው ሽፋንና ከሥሩ ያለው ለስላሳ አካል በፕሮቲን መልእክት ይላላካሉ። የታችኛዎቹ ሴሎች ዴንቲን የሚባለውን የጥርሱን አካል መጣል ሲጀምሩ፣ ከደወሉ ውስጠኛ ግድግዳ የተሰለፉት ደግሞ ረዘም ረዘም ብለው አሜሎብላስት ይሆናሉ። ኢናሜልን፣ ማለትም የጥርሳችንን ነጭና ጠንካራ ሽፋን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው።

አሠራራቸው ነው የሚገርመኝ። መጀመሪያ የሚያወጡት ፕሮቲን ነው፤ ከዚያ ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማው አሜሎጀኒን ይባላል። ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ አጠና አድርጋችሁ አስቡት። ማዕድኑ በእሱ ልክ ይሰለፋል። ከዚያ አጠናው ይፈርሳል፤ ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው አሜሎጀኒኑን እየቆራረጡ ያስወጡታል፣ ቦታውንም ማዕድን ይሞላዋል። በመጨረሻ ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ማዕድን ይሆናል፣ በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ጥርሱ ድድን ሰንጥቆ ሲወጣ አሜሎብላስቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። የተሰበረ አጥንት ሲጠግን የተሸረፈ ጥርስ የማይጠግነው ለዚህ ነው፤ ሠራተኞቹ የሉም።

ከዚያ ሁሉ ሥራ የተረፉ ጥቂት ርዝራዥ ሴሎች ግን በድድና በመንጋጭላ ውስጥ፣ በጥርስ ሥር ዙሪያ፣ ተኝተው ይቀራሉ። በአብዛኞቻችን ዕድሜ ልካቸውን ተኝተው ይኖራሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ይነሣሉ። አሜሎብላስቶማ ከእነዚህ ዓይነት ሴሎች የሚመጣ እጢ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ደወሉ ግድግዳ የተሰለፉ ረጃጅም ሴሎች አሉት። ልዩነቱ ጥርስም ኢናሜልም አለመሥራቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ቆሞ ይበዛል፣ አጥንቱን እየበላ ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ፣ ከ10 ሰው 8 ገደማው ላይ፣ የሚወጣው በታችኛው መንጋጭላ ነው፣ በተለይ ከኋላ በመንጋጋ ጥርሶቹ አካባቢ። በአብዛኛው ወደ ሌላ አካል የሚሠራጭ ካንሰር አይደለም። ግን ጠርገው ብቻ ከተዉት ይመለሳል። ቁጥሩ በየጥናቱ ቢለያይም፣ በተለመደው ዓይነቱ ከተጠረገላቸው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ እንደተመለሰ የጻፉ ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው ሐኪሞች በራጅ ከሚታየው ጠርዝ 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጤነኛ የሚመስለውን አጥንት ጨምረው የሚቆርጡት። የእኛ ቤት ሰው ይህን ሲሰማ «ጤነኛውን ለምን?» ብሎ ነበር። ሴሎቹ በዓይን ከሚታየው ድንበር አልፈው በአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብተው ስለሚገኙ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ልበልና፣ በሠፈራችን ዛሬም ስለሚሠራ ነገር ልናገር። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው፣ ድዱ ላይ እብጥ ያለች ነጭ ነገር ታየች ተብሎ ግግ የሚያስወጡ አሉ። በምላጭ ወይም በጋለ ብረት። ያቺ እብጠት በሽታ አይደለችም። በመሠራት ላይ ያለ ክራንቻ ጥርስ ናት፣ አሁን የነገርኳችሁ ደወል ራሱ። የወተቱ ክራንቻ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ወሩ ነው ብቅ የሚለው። የቋሚው ክራንቻ ኢናሜል ደግሞ ልጁ ከ4 እስከ 5 ወር ሲሆነው መሠራት ይጀምርና 6 እና 7 ዓመት እስኪሆነው ይቀጥላል። ስለዚህ በምላጭ የሚገባው ሰው የሚያወጣው የወተቱን ጥርስ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ቋሚውንም ያበላሽበታል፤ ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ሳይቆጠር። ልጄ የ8 ወር ሕፃን ሳለች ጎረቤታችን እትዬ አንድ አዋቂ ይዘውልን መጥተው ነበር፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ ለልጄ ተጨንቀው ነው። ደብተር አውጥቼ ደወሉን ሣልኩላቸው። ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩትና «ታዲያ ተቅማጡን ምን እናድርገው?» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ወስደን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሰጧት፣ ዳነች።

ወደ ናሙናው ልመለስ። የመንጋጭላ እብጠት አንድ በሽታ አይደለም። ከጥርስ ሥር ኢንፌክሽን የሚመጣ ከረጢት አለ፣ ግድግዳው ኬራቲን፣ ማለትም በጥፍርና በፀጉር ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ የሚሠራ ሌላ ከረጢት አለ፣ አሜሎብላስቶማ አለ፣ እሱም ራሱ ዓይነት አለው፤ አንዱ ዓይነት በራጅ ሲታይ ተራ ከረጢት ይመስላል። በራጅ ብቻ የሚለያቸው የለም። በማይክሮስኮፕ ያየ ፓቶሎጂስት አብዛኛውን ይለያል፣ ለዚያም የሚያስፈልገው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም የሚሰጡ ሁለት የታወቁ ማቅለሚያዎች ናቸው። ግራ ሲገባው ደግሞ ሴሎቹ በያዙት ፕሮቲን ይጠይቃቸዋል። እንደ ስስ ወረቀት ከተቆረጠው ናሙና ላይ አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይደረግበታል፣ ፕሮቲኑ ካለ ቦታው ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሳይቶኬራቲን 19 የጥርስ ሠሪው ሽፋን ዘር መሆኑን ለመጠቆም ይረዳል። ካልሬቲኒን በአሜሎብላስቶማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ኬራቲን በሚሠራው ከረጢት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሁለቱ ሲመሳሰሉ ለመለየት ጥሩ ምስክር ነው። ኪ-67 የሚባለው ስንቱ ሴል በመባዛት ላይ እንዳለ ያሳያል። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ቁርጡን የሚነግር አንድ ፕሮቲን የለም፤ የራጁ፣ የማይክሮስኮፑና የፕሮቲኖቹ ምስክርነት አንድ ላይ ነው የሚታየው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነገር ተገኘ። ብራፍ የሚባል ጂን አለ፤ የሚሠራው ፕሮቲን ሴሉን «ተባዛ» ብሎ የሚያዝ መልእክት ያስተላልፋል። መልእክቱን አድርሶ ዝም ማለት ነበረበት። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት አሜሎብላስቶማዎች ውስጥ ግን በዚህ ፕሮቲን 600ኛ ቦታ ላይ ያለችው ቫሊን የምትባል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ፣ ግሉታሚክ አሲድ በሚባል በሌላ ተተክታ ተገኘች። በዚህች አንዲት ለውጥ ፕሮቲኑ መጥፋት እንዳቃተው ማብሪያ ማጥፊያ በርቶ ይቀራል። ለውጡ በይበልጥ የሚታየው በታችኛው መንጋጭላ ነው፤ በላይኛው ደግሞ ስሙዝንድ የሚባል ሌላ ጂን ላይ ለውጥ ይበዛል። ይህ ዝም ብሎ የላብራቶሪ ወሬ አይደለም። ለአንድ የቆዳ ካንሰር ተብለው የተሠሩ፣ ይህንኑ የበራ ፕሮቲን የሚያጠፉ መድኃኒቶች ቀድመው ነበሩ። ቀዶ ጥገና በከበደባቸው ጥቂት ሕመምተኞች ላይ ተሞክረው እጢው ሲሟሽሽ ታይቷል። ዋናው ሕክምና አሁንም ቢላዋ ነው፣ መድኃኒቶቹም ውድ ናቸው። ቢሆንም በወንድሜ ዕድሜ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ያኔ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሱ እጢ ብራፉ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚለው ነው።

ልጆች ያላችሁ ይህችን ደግሞ ስሙኝ። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በልጆች መንጋጭላ ላይ የሚወጣ አንድ ኃይለኛ እጢ ጽፎ አሳወቀ። ዛሬ በስሙ በርኪት ሊምፎማ ይባላል። ከወባ ጋር ግንኙነት አለው፣ ኤፕስቲን ባር ከሚባል ቫይረስም ጋር። እኛ ደግሞ ወባ የምናውቅ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። የወንድሜ እጢ በዓመታት ያደገውን ያህል ይሄኛው በሳምንታት ያድጋል፤ ኪ-67 ሲታይ ሴሎቹ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በመባዛት ላይ ናቸው። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ሳይሆን የካንሰር መድኃኒት ነው፣ ቶሎ ከተጀመረም ብዙ ልጆች ይድናሉ። የልጅ ጉንጭ በሳምንታት ውስጥ ካበጠ፣ ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብሎ መጠበቅ የለም። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል። ሁለቱ እጢዎች አንድ ቦታ ላይ ይወጣሉ፣ አንዱ ቢላዋ ይፈልጋል፣ ሌላው መርፌ፣ ማን ማን መሆኑን የሚነግረን ያ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ናት።

ታዲያ የምለምነው ምንድን ነው? የዘረመል ማሽን አይደለም። አንድ ክዳን ያለው ጠርሙስና 10 በመቶ ፎርማሊን ነው። ፎርማሊኑ ከናሙናው መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። አልኮል ውስጥ መክተት ወይም በደረቅ ፋሻ ጠቅልሎ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ሴሉ ይበላሻል። ፓቶሎጂስት በከተማው ባይኖር እንኳ ፎርማሊን ውስጥ ያለ ናሙና በአውቶቡስ ይላካል። ላብራቶሪ ሲደርስ ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይሉታል። በደንብ ከተያዘ ብሎክ ዓመታት ይቆያል። ዛሬ እዚህ የማይሠራ የፕሮቲን ምርመራ ነገ ሲጀመር፣ ወይም ሌላ አገር ሲላክ፣ ከዚያው ብሎክ ላይ ተቆርጦ ይጠየቃል። የተጣለ ነገር ግን ማን ይጠይቀዋል? ወንድሜ በ2008 ናሙናው ተልኮለት ቢሆን እጢው ገና ትንሽ ነበር፣ የሚቆረጠውም አጥንት ትንሽ ይሆን ነበር። ይህን ሳስብ ሌሊት እነቃለሁ።

ጥርስ የምትነቅሉና ከረጢት የምትጠርጉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ፣ ከመንጋጭላ ያወጣችሁትን እጢ የሚመስል ነገር አትጣሉ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ፣ ዕቃ እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ለሕመምተኛው «ይህ መመርመር አለበት» በሉትና ጠርሙሱን በእጁ ስጡት፣ እኛ ይዘነው እንሄዳለን። የክልሉ ጤና ቢሮ ደግሞ ለክሊኒኮች ሁሉ፣ ለግሉም ለመንግሥቱም፣ የወጣ ነገር ሁሉ ለፓቶሎጂ ይላክ የሚል አንድ ገጽ መመሪያ ቢያወጣና ናሙና የሚሰበሰብበት ቀን ቢመድብ ትልቅ ነገር ነው። ታካሚዎችም አንድ ጥያቄ ያዙ፤ «ያወጣችሁት ነገር የት ይላካል? ውጤቱን መቼ ልምጣ?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እናንተም ጋዜጠኞች፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አንድ ፓቶሎጂስት አነጋግሩልን። ስማቸውን እንኳ የምናውቀው የለንም፣ ታምመን የምንሄደው ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው፣ በሽታችንን ስም የሚያወጡለት ግን እነሱ ናቸው።

ወንድሜ በ2013 ተሠራለት። የቀኝ የታች መንጋጭላው ግማሹ ወጥቶ በምትኩ የብረት ሰሌዳ ገባለት። ሁለት ወር በአጥሚት ነው የኖረው፣ ከዚያ በፍትፍት። የታች ከንፈሩ በቀኝ በኩል ደንዝዟል፣ ቡና ሲጠጣ ስትንጠባጠብ አይታወቀውም፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። ቆሎ መቆርጠም ቀርቷል፤ ጀልባ ላይ ከኪሱ ቆሎ የማይጠፋ ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ቆሎውን ለዓሣው ተውኩለት» አለኝ አንድ ቀን፣ እኔ መልስ አልነበረኝም። ግን ይሠራል፣ ያገባል ብለን እየተጠባበቅን ነው፣ ድምፁም ብዙ አልተለወጠም።

እስካሁን አልተመለሰም። ከ10 ዓመት በኋላም የሚመለስበት ጊዜ አለና በየዓመቱ ራጅ ይነሣል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው። ዶክተሯ የብሎኩን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተውታል፣ እሱም ከመታወቂያው ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟት ነው ሐይቁ ላይ የሚውለው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከባሕር ዳር